የጡት ካንሰር ሕክምና ሌላ ካንሰር ያመጣል? እውነቱና ልኩ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ደጋግሞ የመጣው ይህ ነው። ለጡት ካንሰር ታክማ የጨረሰች እህት ወይም ገና ሕክምና ልትጀምር ያለች እናት ትጽፍልኛለች። አንዷ «ኬሞው ራሱ ካንሰር ያመጣል አሉኝ» ትላለች። ሌላዋ «ጨረሩ ሳንባ ይጎዳል ተባልኩ» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «ታሞክሲፈን የማህፀን ካንሰር ያመጣል ስላሉኝ ኪኒኑን አቁሜዋለሁ» ትለኛለች። ከሁሉም በላይ የምታሳስበኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ዛሬ ረዘም አድርጌ የጻፍኩትም ለእሷ ብዬ ነው፤ ታግሳችሁ አንብቡት።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አዎ፣ አንዳንዱ የጡት ካንሰር ሕክምና ከዓመታት በኋላ ሌላ አዲስ ካንሰር የመከሰት ዕድልን በትንሹ ይጨምራል። ይሄ የሰፈር ወሬ አይደለም፣ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን «ይጨምራል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከስንት ወደ ስንት? ሕክምናው ቢቀርስ ምን ይመጣል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠይቁ መድኃኒት ማቆም ሕይወት ያስከፍላል።

መጀመሪያ የሚምታቱ ነገሮችን እንለያይ

በሰፈር አነጋገር የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት አጥንቷ ውስጥ ካንሰር ሲገኝ «አሁን ደግሞ የአጥንት ካንሰር ያዛት» ይባላል። አይደለም። ያ የጡት ካንሰሩ ራሱ ተሰራጭቶ አጥንት ውስጥ ገብቶ ነው። ሴሉ የጡት ካንሰር ሴል ነው፣ የሚታከመውም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። በቀዶ ሕክምናው ቦታ ወይም ብብት ውስጥ እንደገና ቢበቅልም «ተመለሰ» እንለዋለን እንጂ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛ ካንሰር የምንለው ግን ከመጀመሪያው ጋር ዝምድና የሌለው፣ ራሱን ችሎ የተነሳ አዲስ ካንሰር ነው። በሌላኛው ጡት ላይ የሚነሳ አዲስ የጡት ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ የማህፀን፣ የሳንባ ወይም የደም ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከሕክምና በኋላ አዲስ እብጠት ሲገኝ «ያው የድሮው ነው፣ አበቃ» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ቤት መቀመጥ አለ። አዲስ ካንሰር ከሆነና ገና ትንሽ እያለ ከተደረሰበት ግን ብዙ ጊዜ ታክሞ የሚድን ነው። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ይታይ። በግምት አይወሰን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በ2025 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ትልቅ ጥናት በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ወጥቷል። በእንግሊዝ አገር ከ1993 እስከ 2016 በመጀመሪያ ደረጃዎች ላይ ባለ የጡት ካንሰር የተያዙና ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 476,373 ሴቶችን ተከታትሏል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እስከ 20 ዓመት ታይተዋል። ይህን ያህል ሴት ይህን ያህል ጊዜ መከታተል ቀላል ነገር አይደለም።

ውጤቱን በ100 ሴት ልንገራችሁ። በ20 ዓመት ውስጥ ከጡት ውጪ ሌላ አዲስ ካንሰር የያዛቸው ከ100 ወደ 14 የሚጠጉ ናቸው። ይሄን ብቻ የሰማ ይደነግጣል። ግን የጡት ካንሰር ኖሮባቸው የማያውቁ እኩዮቻቸውም በነዚያው 20 ዓመታት ከ100 ከ11 እስከ 12 የሚሆኑት በተመሳሳይ ካንሰሮች ይያዛሉ። ዕድሜ ሲገፋ ካንሰር በማንም ሰው ላይ ይመጣልና። ስለዚህ ትርፉ ከ100 ሁለት ሴት ገደማ ነው። በሌላኛው ጡት ላይ አዲስ ካንሰር የመጣባቸው ደግሞ ከ100 ወደ 6 ገደማ ሲሆኑ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸር ትርፉ ሦስት ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ያ ትርፍ ራሱ ሁሉም የሕክምናው ጥፋት አይደለም። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት ከትርፉ ውስጥ ከቀዶ ሕክምና በተጨማሪ በሚሰጡት ሕክምናዎች (በጨረር፣ በኬሞና በሆርሞን መድኃኒት) ሊመካኝ የሚችለው 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረውስ? በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ ውፍረት፣ አልኮል፣ ሲጋራ፣ የሆርሞን ሁኔታ፣ ማለትም የመጀመሪያውንም ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ሕክምናው ሲያልቅ እነዚህ አብረው አያልቁም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ይህ የእንግሊዝ ቁጥር ነው፣ እንዳለ አንስተን እዚህ መለጠፍ አንችልም። በአገራችን የጡት ካንሰር የሚይዛቸው ሴቶች ከአውሮፓውያኑ በዕድሜ ያነሱ ናቸው፤ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ያሉ ብዙ እናያለን። በዚያው ጥናት ደግሞ በሌላኛው ጡት ላይ አዲስ ካንሰር የመምጣቱ ትርፍ በወጣቶቹ ላይ ከፍ ያለ ነበር። ለእኛ ሴቶች የሌላኛው ጡት ክትትል የበለጠ ክብደት አለው የምለው ለዚህ ነው።

ታሞክሲፈን፦ ብዙ የሚወራበት ኪኒን

ታሞክሲፈን ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የጡት ካንሰር ሴልን እንዳይመግብ መንገዱን ይዘጋል። የሚሰጠው ካንሰሯ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ለሆነች ሴት ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ሁለት ፊት አለው። ጡት ላይ ኢስትሮጅንን ሲያግድ፣ ማህፀን ላይ ግን ራሱ እንደ ኢስትሮጅን ይሠራል። የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያነቃቃል፣ ያወፍራል፤ በጥቂት ሴቶች ላይም ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል።

ስጋቱ በዋናነት የወር አበባቸው በዕድሜ ምክንያት የቆመ ሴቶች ላይ ነው። የወር አበባ ገና በምታይ ወጣት ሴት ላይ ታሞክሲፈን የሚጨምረው የማህፀን ካንሰር ስጋት እጅግ ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹ ጥናቶች ጭማሪ እንኳ አላዩም። ሆኖም ከፍርሃት የተነሳ ቶሎ የሚያቆሙት ብዙ ጊዜ እነሱው ናቸው! የ35 ዓመት ሴት፣ ብዙ ልትጠቀምበት የምትችለውን መድኃኒት፣ እሷን እምብዛም ለማይመለከት ስጋት ብላ ትተወዋለች። ያናድደኛል፣ አልዋሽም።

በቁጥር እንየው። አትላስ የተባለ ዓለም አቀፍ ጥናት ታሞክሲፈንን 5 ዓመት ወስደው ያቆሙትንና እስከ 10 ዓመት የቀጠሉትን አነጻጽሯል። ሕክምና ከጀመሩ ከ5ኛው እስከ 14ኛው ዓመት ባለው ጊዜ፣ በሆርሞን የሚያድግ ካንሰር ከነበራቸው 1,000 ሴቶች፣ በ5 ዓመት ካቆሙት 150 ያህሉ፣ ከቀጠሉት ግን 122 ያህሉ በጡት ካንሰር ሞተዋል። በማህፀን ካንሰር የሞቱትስ? ካቆሙት ከ1,000 ሁለት፣ ከቀጠሉት አራት። ረጅሙን ጊዜ የወሰዱት ላይ እንኳን ሒሳቡ ይህ ነው፤ 28 ሴት ተርፋ ሁለት ሴት ትጨመራለች። ያቺ ሁለት ለቤተሰቧ ቁጥር አይደለችም፣ ይገባኛል። እሷንም ለማትረፍ መንገድ አለ፣ እሱን ልንገራችሁ።

የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይሰራጭ ምልክት ያሳያል፤ ምልክቱም ደም ነው። የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች፣ ጠብታም ትሁን፣ ቡናማ ፈሳሽም ይሁን፣ አንድ ቀን ብቻም ትይ፣ ሐኪም ጋ ትሂድ። «የወር አበባዬ ተመለሰልኝ» ብሎ መደሰት የለም። የወር አበባ የምታይ ሴት ደግሞ ከወትሮው የበዛ ደም፣ ወይም በወር አበባዎች መካከል የሚታይ ደም ካላት ትናገር። በታሞክሲፈን ምክንያት የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት ግን የተለመደ ነው፤ እሱ ብቻውን አያስደንግጣችሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው፦ «የማህፀን ምርመራ ተደርጎልኝ ነጻ ነሽ ተብያለሁ» የሚል ነው። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የቅድመ ካንሰር ምርመራ የማህፀን በርን የሚያይ ነው። ይህ በጣም ጠቃሚ ምርመራ ነው፣ አድርጉት። ነገር ግን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን አያይም። ደም ካለ የሚያስፈልገው በማህፀን ሐኪም መታየት፣ አልትራሳውንድ፣ እንዳስፈላጊነቱም ከውስጠኛው ሽፋን ናሙና መውሰድ ነው።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ምንም ምልክት ሳይኖር «ለማንኛውም ልየው» እያሉ በየሦስት ወሩ የማህፀን አልትራሳውንድ መነሳት። ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ሽፋኑ ወፍሮ መታየቱ የተለመደ ስለሆነ ሪፖርቱ ሁልጊዜ ያስፈራል። ከዚያ ናሙና ይወሰዳል፣ ብር ይወጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜም ምንም አይገኝም። ደም ለማታይ ሴት ይህ በመደበኛነት አይመከርም።

ኪኒኑ አልስማማ ካለ ወይም የማህፀን ችግር ካለ፣ የወር አበባቸው ለቆመ ሴቶች እንደ አናስትሮዞልና ሌትሮዞል ያሉ አማራጮች አሉ። እነዚህ የማህፀን ካንሰር ስጋትን አይጨምሩም፤ በፋንታው አጥንት ያሳሳሉ። የቱ እንደሚሻል ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ትወስን። ማቆምና መቀየር ለየቅል ናቸው።

ጨረርስ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ያደረገች ሴት ጨረር ይዛ ቤቷ አትገባም። ልጆቿን ትቀፍ፣ ከባለቤቷ ጋር በአንድ አልጋ ትተኛ። «ጨረር ላይ ናትና አትጠጓት» የሚባለው ፈጽሞ ስህተት ነው።

ጨረሩ ጡት ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ያለው ሳንባም ጥቂት ይደርሰዋል፣ ሌላኛው ጡትም እንዲሁ። ከዚህ የሚመጣ ካንሰር ካለ ቶሎ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። በዘመናዊ ጨረር ላይ የተሠራ ስሌት እንደሚያሳየው፣ በጨረሩ ምክንያት የሚጨመረው የሳንባ ካንሰር ስጋት ሲጋራ በማታጨስ ሴት ላይ ከ1,000 ሦስት ገደማ ነው። ለረጅም ጊዜ አጭሳ አሁንም በምታጨስ ሴት ላይ ግን ከ100 አራት ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱን አያችሁት? ጨረሩ ያው ነው፣ የሚያባብሰው ጭሱ ነው። ስለዚህ የምታጨስ ሴት ለጨረር ስትዘጋጅ ማቆም የሕክምናዋ አንዱ ክፍል ነው። ሺሻም ትምባሆ ነው፤ «በውኃ ተጣርቶ ነው» የሚለው ማጽናኛ አይሠራም።

የሚጠቅመውንም ልንገራችሁ። ጡታቸው ሳይወገድ እብጠቱ ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር ያልወሰዱ ሴቶች፣ በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ከ100 ወደ 35 ናቸው፤ ጨረር የወሰዱት ላይ ወደ 19 ወርዷል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር ታውቃላችሁ። ወረፋው ስንቱን እንዳስለቀሰ የደረሰበት ያውቀዋል። ያን ያህል ተጠብቆ የተገኘን ሕክምና በወሬ መተው ያሳዝናል።

ከጨረር ጋር በተያያዘ ልታውቁት የሚገባ አንድ ብርቅ ካንሰር አለ። ጨረር ባረፈበት ቆዳ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ የተመታ ቦታ የሚመስል ወይን ጠጅ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ይወጣል። በ1,000 ሴት አንዷን ገደማ ነው የሚይዘው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ቀለሙ ቶሎ አይለይም፤ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ወይም ትንሽ እባጭ መስሎ ሊታይ ይችላል። ምንም ሳይመታችሁ በልዞ፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ካልጠፋ አሳዩት። ስታሳዩም «እዚህ ቦታ ጨረር ወስጄ ነበር» ብላችሁ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ካላወቀ ቅባት ጽፎ ሊሸኛችሁ ይችላል።

ኬሞና የደም ካንሰር

ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት የኬሞ መድኃኒቶች ዶክሶሩቢሲን (ቀዩ የሚባለው) እና ሳይክሎፎስፋማይድ የአጥንት መቅኒን ስለሚነኩ አልፎ አልፎ የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ሊያስከትሉ ይችላሉ። በ10 ዓመት ውስጥ ከ200 ሴት አንዷን ገደማ፣ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ቶሎ መምጣቱ ነው፤ አንዳንዴ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ይታያል።

ኬሞ ከጨረሰች ወራት ወይም ዓመታት በኋላ ያለ ምክንያት እየገረጣች፣ ትንሽ ስትራመድ ልቧ እየመታ፣ ድዷ እየደማ፣ ሰውነቷ እየበለዘ፣ ትኩሳት እየተመላለሰባት ያለች ሴት የሙሉ ደም ምርመራ ታድርግ። በጣም ርካሽ ምርመራ ነው። «ደም አንሶሽ ነው፣ ቀይ ሥርና ጉበት ብዪ» ተብላ ሦስት ወር መቆየት የለባትም።

የቤተሰብ ጉዳይ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ተደምሮ፣ በዘር የሚተላለፍ የብራካ ጂን ለውጥ ካለባት ሴት ስጋት ጋር አይወዳደርም። ብራካ 1 ያለባት ሴት የጡት ካንሰር ከያዛት በኋላ በ20 ዓመት ውስጥ በሌላኛው ጡቷ አዲስ ካንሰር የመነሳቱ ዕድል 40 በመቶ ገደማ ነው፤ በብራካ 2 ደግሞ 26 በመቶ ገደማ። የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰርም እስከ 80 ዓመት ዕድሜ ድረስ በብራካ 1 ከ100 ወደ 44፣ በብራካ 2 ወደ 17 ይደርሳል። ይህ ሕክምናው ያመጣው አይደለም፣ አብሯት የተወለደ ነው።

የጂን ምርመራው በአገራችን እንደልብ አይገኝም፣ ዋጋውም ውድ ነው። ግን ነጻ የሆነ ምርመራ አለ፤ ቤተሰብን መጠየቅ። ችግሩ ካንሰር በእኛ ቤት ይደበቃል። አክስት «በማህፀን ሕመም»፣ አያት «በሆድ እብጠት» ሞቱ ተብሎ ይዘጋል። እስቲ ትልልቆቹን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁ፦ የት አበጣት? ስንት ዓመቷ ነበር? ጡቷ ላይ ቁስል ነበራት? በአባት ወገን ያሉትንም አትርሱ፤ ጂኑ በአባትም ይወረሳል፤ ወንድ ዘመድ የጡት ካንሰር ኖሮበት ከሆነ ደግሞ ትልቅ ምልክት ነው። መልሱን ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ ስጡ። በቤተሰብ ውስጥ ከታየ አማራጮች አሉ፤ ጠበቅ ያለ ክትትል፣ ልጅ ወልዳ ለጨረሰች ሴት እንቁላል ማምረቻውን አስቀድሞ ማውጣት፣ እህቶችንና ሴት ልጆችን ማስመርመር።

ክትትሉ ምን ይምሰል?

ሕክምና ካለቀ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ በሐኪም መታየት፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት በየስድስት ወር እስከ ዓመት፣ ከዚያ በየዓመቱ። የቀረውን ጡት በየዓመቱ በማሞግራም ማየት። «አምስት ዓመት ሞላኝ፣ ተገላገልኩ» ብሎ ፋይል መዝጋት የለም፤ ሁለተኛ ካንሰር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነውና።

ምንም ሕመም ሳይኖር በየጊዜው ሙሉ ሰውነት ሲቲ ስካን መነሳትና «የካንሰር ጠቋሚ» የሚባሉ የደም ምርመራዎችን ማሠራት ግን ዕድሜ እንደሚያራዝም አልታየም። ሲቲ ስካን ራሱ ጨረር ነው። ያንን ብር ለማሞግራሙና ለመድኃኒቱ አስቀምጡት።

የቀረው ከእናንተ እጅ ነው። በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ክብደት እንዳይጨምር መጠበቅ፤ ውፍረት ለማህፀን ካንሰርም ለጡት ካንሰርም ምግብ ነው። በእግር መሄድ። አልኮልን መቀነስ፣ ቢቻል መተው። ጠላውም ጠጁም አረቄውም አልኮል ነው፤ የቤት መሆኑ አይለውጠውም።

በመጨረሻ ፋይላችሁ። ሕንድ ወይም ታይላንድ ታክማ የመጣች፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ ወይም እዚሁ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላው የዞረች ሴት ከ10 ዓመት በኋላ «ምን ዓይነት ኬሞ ወሰድሽ?» ስትባል «ቀይና ነጭ» ብላ ትመልሳለች። እሷ ምን ታድርግ፣ የነገራት የለም። አሁኑኑ ሐኪማችሁን በአንድ ገጽ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፦ የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ፣ የሆርሞን ምርመራው ውጤት፣ የወሰዳችሁት የኬሞ ስምና ስንት ዙር እንደሆነ፣ ጨረር በየትኛው ወገንና መቼ፣ ታሞክሲፈን የተጀመረበት ቀን። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ አንድ ቅጂ ለልጃችሁ ወይም ለእህታችሁ ላኩ።

ታሞክሲፈን በራሳችሁ ያቆማችሁ ካላችሁ በዚህ ሳምንት ሐኪማችሁ ጋ ደውሉ፤ ብዙውን ጊዜ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። ስም ያለበትን የምርመራ ውጤት ግን እባካችሁ በአደባባይ አትለጥፉ፤ በውስጥ መስመር ይሁን።